ለኦስሎ ጎብኚዎች፦ «ገንዘብ ስላላቸው ነው» አትበሉን

ከአውሮፓ ሰሜን ደርሶ የተመለሰ የሀገሬ ሰው ሁሉ አንዲት ዐረፍተ ነገር ይዞ ይመጣል። ስለ ሙዚየሙ ይነግራችኋል፤ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ስለ ባሕሩ ንጽሕና፣ ስለ ባቡሩ ሰዓት አክባሪነት፣ ስለ ቡናው ዋጋ ይነግራችኋል። እናንተም በአድናቆት «ለመሆኑ ይህን ሁሉ እንዴት ቻሉት?» ብላችሁ ስትጠይቁት ትከሻውን ይሰብቅና፣ «ምን ይደረግ፣ ገንዘብ ስላላቸው ነዋ!» ብሎ ወሬውን ይዘጋል። እነሆ የእኔ ጠብ ከዚህች ዐረፍተ ነገር ጋር ነው። ትሕትና ትመስላለች፤ ግን ስንፍና ናት። ተናጋሪዋን አስተውሎ ከማየት፣ ሰሚዋንም ከማፈር ታድናለችና ሁለቱም ወገን ይወዳታል። እኔ ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር ነኝ። ገንዘብ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ምን እንደማይሠራም እንዲሁ።

የምጽፈው ስለ ኦስሎ ነው። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ፣ ስድስት ቀን በዚያች ከተማ ሰንብቻለሁ። ከመሄዴ በፊት እንደ ማንኛውም ሰው «በኦስሎ ሊታዩ የሚገባቸው ዐሥር ነገሮች» የሚሉትን ዝርዝሮች አገላበጥኩ። ሁሉም አንድ ናቸው። በኦፔራ ቤቱ ጣሪያ ላይ ውጡ፤ በፊዮርዱ ላይ በጀልባ ተንሸራሸሩ፤ በቪገላንድ ፓርክ ከተቆጣው ሕፃን ሐውልት ጋር ፎቶ ተነሡ፤ ሆልመንኮለን ከሚባለው የበረዶ መንሸራተቻ ማማ ላይ ሆናችሁ ከተማዋን ቁልቁል እዩ። የት እንደምንቆም ይነግሩናል። ያን ነገር ማን፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ሆድ እንደሠራው ግን አንዱም አይነግረንም። «ገንዘብ ስላላቸው ነው» የምትለው ዐረፍተ ነገር የምትበቅለው በዚህ ባዶ ስፍራ ላይ ነው።

ስለዚህ እስቲ ሒሳቡን እናስታርቅ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ጉዳዩ የእነሱ ነውና።)

ኖርዌይ በሰሜን ባሕር ወለል ሥር፣ ኤኮፊስክ በተባለው ስፍራ፣ ታላቁን የነዳጅ ክምችት ያገኘችው በ1969 መገባደጃ ላይ ነው። ዛሬ በዓለም የአክሲዮን ገበያዎች ከተመዘገቡት ኩባንያዎች በአማካይ 1.5 በመቶ ገደማ ድርሻ ያለው የመንግሥት ፈንድ የመጀመሪያውን ተቀማጭ የተቀበለው በ1996 ነው። ይህ በአንደኛው ዓምድ ይቀመጥ። በሌላኛው ዓምድ ደግሞ እነዚህን ጻፉ፤ የዳይክማን ቤተ መጻሕፍት 1785፤ ዩኒቨርሲቲው 1811፤ የሄንሪክ ኢብሰን «የአሻንጉሊት ቤት» 1879፤ የክኑት ሃምሱን «ረኃብ» 1890፤ የኤድቫርድ ሙንክ «ጩኸት» 1893፤ ብሔራዊ ቴአትሩ 1899፤ ከተማይቱ ከቀራጺው ከጉስታቭ ቪገላንድ ጋር የተዋዋለችው 1921። አንዱም ከነዳጁ ዘመን አይደለም። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ኖርዌይ ምን ነበረች? እስከ 1814 የዴንማርክ ንጉሥ ግዛት፣ ከዚያም እስከ 1905 ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር የኖረች፣ ዓሣ አጥማጅና አራሽ የበዛባት፣ ወደ 800 ሺህ የሚጠጋ ልጇን በጊዜ ብዛት እንጀራ ፍለጋ ወደ አሜሪካ የሸኘች ሀገር። ዋና ከተማዋ እንኳ እስከ 1925 በራሷ ስም አልተጠራችም፤ በአንድ የዴንማርክ ንጉሥ ስም ክሪስቲያኒያ ትባል ነበር።

እንግዲህ «ገንዘብ ስላላቸው ነው» የሚል ሰው ለሁለተኛው ዓምድ ሌላ ምክንያት ያምጣልን።

ከሁሉ አስቀድሞ በኦስሎ መደረግ ያለበት ነገር ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ከመሄዳችሁ በፊት «ረኃብ»ን አንብቡ እላችኋለሁ። ስም የሌለው አንድ ወጣት ጸሐፊ በክሪስቲያኒያ ጎዳናዎች ላይ እየተራበ ይንከራተታል፤ መጽሐፉ ይኸው ነው። ሴራ ይህ ነው የሚባል የለውም። ጦሙን አድሮ ይጽፋል፤ ጋዜጣው ጽሑፉን ከተቀበለለት ጥቂት ቀን ይበላል፤ ካልተቀበለለት የእንጨት ስንጣሪ ያኝካል። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አንድ አካለ ስንኩል ሽማግሌ ይለምነዋል። የሚሰጠው የለውም። ስለዚህ የለበሳትን ሰደርያ አውልቆ በመያዣ ያስይዝና ከሚያገኛት ገንዘብ ይመጸውተዋል። ኋላ ሊጽፍ ሲሰናዳ እርሳሱ የለችም፤ ለካ በሰደርያው ኪስ ውስጥ ረስቷት ኖሯል። ተመልሶ ይሄዳል። የሚለምነው ሰደርያውን አይደለም፤ እርሳሷን ነው።

በሥራዬ ብዙ የመያዣ ውል አይቻለሁ። ቤት፣ የጭነት መኪና፣ የእህል መጋዘን፣ አንዳንዴም የእናት ወርቅ። ከመያዣ ላይ እርሳሱ ብቻ እንዲመለስለት የለመነ ሰው ግን በዚያች ልብ ወለድ ውስጥ እንጂ በመስኮቴ በኩል አጋጥሞኝ አያውቅም። ኖርዌጂያኖች የዘመናዊው ልብ ወለድ አንዱ በር የተከፈተው በዚህ መጽሐፍ ነው ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ በሩን የከፈተው ደግሞ ሆዱ ባዶ የነበረ ሰው ነው። ሃምሱን ራሱ በዚያች ከተማ ተርቧልና።

ዛሬ ያ ወጣት የተንከራተተበት ካርል ዮሃን ጎዳና ከባቡር ጣቢያው ተነሥቶ እስከ ቤተ መንግሥቱ ድረስ የተዘረጋ የገበያና የሽርሽር መንገድ ነው። የሀገሬ ጎብኚ እዚያ ይቆምና የሳንድዊች ዋጋ እንዴት እንዳሳበደው ለቤተሰቡ ስልክ ይደውላል። ሰው በረኃብ ድርሰት መካከል ቆሞ ስለ ሳንድዊች ሲያማርር ከማየት የበለጠ ምን ቅኔ አለ! ሰሙ ዋጋው፣ ወርቁ እግሩ ሥር ነበር።

ይህን ስል ሃምሱንን ታቦት አድርጋችሁ ተሳለሙልኝ ማለቴ አይደለም። በ1920 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የተቀበለው ይኸው ሰው በ1943 ሜዳሊያውን ለናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ለጎብልስ በገጸ በረከት ሰጥቷል። ሀገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ በነበረችበት ጊዜ ከወራሪው ጎን ቆሟል። ሂትለር ሲሞትም በሜይ 1945 የሐዘንና የውዳሴ ጽሑፍ ጽፎለታል። የራቡን ገጽ የጻፈች እጅ ያንንም ጽፋለች። ኖርዌጂያኖች ይህን ጉዳይ አድበስብሰው አላለፉትም፤ ከጦርነቱ በኋላ ለፍርድ አቅርበው ካሣ አስከፍለውታል፤ ስሙን ለጎዳና መስጠት ይገባል አይገባም በሚልም ለረጅም ዘመን ተጨቃጭቀዋል። መጽሐፉን ግን አላቃጠሉትም። የእኛ ሰው ጸሐፊን ወይ ጻድቅ ወይ ከሃዲ ማድረግ ስለሚቀናው፣ ይህ ጭቅጭቅ ራሱ ከኦስሎ የሚታይ ነገር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወደ ኢብሰን እንሻገር። በ1863 የዚያች ድኻ ሀገር ፓርላማ ቢዮርንስትየርነ ቢዮርንሶን ለተባለው ገጣሚ ዓመታዊ ደመወዝ ቆረጠለት። በ1866 ደግሞ ለኢብሰን ቆረጠለት። የገጣሚ ደመወዝ ይሉታል። ልብ በሉ፤ ነዳጁ ሊገኝ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀራል፤ የሕዝቡ ቁጥር ሁለት ሚሊዮን አልሞላም፤ ወጣቱ በመርከብ እየተጫነ ይሰደዳል። በዚያ መካከል የሕዝብ እንደራሴዎች ተቀምጠው በበጀት መዝገብ ላይ «ለገጣሚው ይህን ያህል» ብለው ይጽፋሉ። ኢብሰን በዚያን ጊዜ ሀገሩ ውስጥ እንኳ አልነበረም። ይመራው የነበረው ቴአትር ቤት በ1862 ከስሮበት፣ ዕዳ አናቱ ላይ ወጥቶ፣ በ1864 ወደ ጣልያን ተሰድዶ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት በውጭ ሀገር ኖረ። ስለ ሀገሩ የጻፋቸው ተውኔቶች ሀገሩን የሚያሞግሱ አልነበሩም፤ የሚያጋልጡ ነበሩ። ደመወዙን አልከለከሉትም።

በ1891 ተመለሰ። ከ1895 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የኖረበት ቤት ከቤተ መንግሥቱ መናፈሻ ማዶ፣ በአርቢንስ ጎዳና ላይ ዛሬ ሙዚየም ነው። በዝርዝሮቹ ላይ አንዳንዴ በስምንተኛ ተራ ቁጥር ይገኛል፤ «ጊዜ ከተረፈዎ» ከሚል ምክር ጋር። በመጻፊያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የጠላቱን የስትሪንድበርግን ትልቅ ሥዕል ገዝቶ ሰቅሎ ነበር፤ ተቀናቃኙ እያፈጠጠበት ይጽፍ ነበር ማለት ነው። እኛ ባልደረባችን ጠላን ብለን ስሙን ከመድበሉ ላይ የምንፍቅ የኪነ ጥበብ ሰዎች ይህን ሥዕል አይተን ብንመጣ ደግ ነበር።

ከዚያ ቤት እስከ ግራንድ ካፌ በየቀኑ በእግሩ ይመላለስ ነበር። ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ ከድርሰቶቹና ከደብዳቤዎቹ የተወሰዱ ቃላት በብረት ፊደል በእግረኛው መንገድ ላይ ተተክለዋል። ሰዉ ይረግጣቸዋል፤ በረዶ ይወርድባቸዋል፤ የሕፃን ጋሪ ያልፍባቸዋል። ቃልን ከመደርደሪያ አውርዶ ጫማ ሥር ማኖር ድፍረት ነው፤ ግን ቃሉ ቤት የገባው በዚያው ነው። ብሔራዊ ቴአትሩ በ1899 ሲከፈት ደግሞ የኢብሰንና የቢዮርንሶን ሐውልቶች በሩ ፊት ቆመው ነበር። ሁለቱም ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ በምርቃቱ ላይ ተገኝተው ራሳቸውን በነሐስ አዩ። ቴአትሩ የተሠራው በመንግሥት ካዝና አልነበረም፤ የግል ተቋም ሆኖ ነው የጀመረው። እኛ ለደራሲ መታሰቢያ የምናስበው ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ነዳጅ አያስፈልግም ነበር።

ሙንክን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ አንድ ግን ዋና ነገር። ያ በዓለም ሁሉ ከኩባያና ከካልሲ ላይ የታተመው «ጩኸት» የተሣለው በካርቶን ላይ ነው። ሸራ አይደለም፤ ካርቶን። እናቱን በአምስት ዓመቱ፣ እኅቱን ሶፊን በዐሥራ ሦስት ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ያጣ ልጅ አድጎ፣ ከኤኬበርግ ኮረብታ ላይ ሆኖ ያየውን ሰማይ ካርቶን ላይ ሣለው። በሥዕሉ ላይ በእርሳስ፣ ይህን ሊሥል የሚችለው ዕብድ ብቻ ነው የሚል ትርጉም ያላት ጥቃቅን ጽሑፍ አለች። ለብዙ ዘመን ሌላ ተመልካች የሞነጫጨራት ይመስላቸው ነበር፤ በ2021 ብሔራዊ ሙዚየሙ መርምሮ የራሱ የሙንክ እጅ ጽሑፍ መሆኗን አረጋገጠ።

ይህ ሥዕል በ1994 ተሰርቋል። በዚያን ጊዜ ነዳጁ ከተገኘ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ሀገሪቱ ሀብታም ናት። ሌቦቹ መሰላል አቁመው፣ መስኮት ሰብረው ገቡና ሥዕሉን ወሰዱ፤ ስለ ደካማው ጥበቃችሁ እናመሰግናለን የሚል ካርድም ትተው ሄዱ። (እግዜር ያሳያችሁ፣ የክረምቱ ኦሊምፒክ በሀገሪቱ በተከፈተበት ዕለት ነው።) ደግነቱ በዚያው ዓመት ተገኘ። እናም እጠይቃለሁ፤ ድህነት የሠራውን ሀብት ሊጠብቀው እንኳ አቅቶት የነበረ ከሆነ፣ በየትኛው ሒሳብ ነው «ገንዘብ ስላላቸው» የምንለው? ከዚያ ክፍል ወጥቼ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ በወረቀት ጥራጊ ላይ ይህችን ጫርኩ፤

ከካርቶኑ ላይ ነው ጩኸቱ የቀረው፣
ወርቅማ ዘግይቶ ክፈፉን ቀየረው።
ረኃብ የጻፈውን ጥጋብ አነበበው፣
የኛን ግን ማን ጽፎ ማንስ ሰበሰበው?

ሙንክ የቀረውን ሥራውን ሁሉ ለኦስሎ ከተማ ተናዞ በ1944 ሞተ። ከሥራዎቹም አንዱ ወገን ለሠራተኞች ነው የተሣለው፤ ፍሪያ የተባለው የቸኮላት ፋብሪካ በ1922 ለሴት ሠራተኞቹ መመገቢያ አዳራሽ 12 ሥዕሎች አሥሎታል። ምሳቸውን ከሙንክ ፊት ለፊት ይበሉ ነበር።

አሁን ወደ ቪገላንድ ፓርክ እንሂድ፤ ሁሉም ሰው የሚሄድበት፣ ሁሉም ሰው ራቁት ምስሎቹን አይቶ የሚስቅበት። ከሁለት መቶ በላይ ሐውልቶች አሉ። በመካከላቸው ከአንድ ወጥ ግራናይት የተፈለፈለ፣ 121 የሰው ምስሎች እርስ በርስ ተደጋግፈው ወደ ላይ የሚወጡበት፣ 14 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዓምድ ቆሟል። ድንጋይ ጠራቢዎቹ በእርሱ ላይ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ፈጅተዋል። መግቢያው ነጻ ነው፤ ሌሊትም አይዘጋም። ይህን ሁሉ ዝርዝሮቹ ይነግሯችኋል። የማይነግሯችሁ አመጣጡን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማይቱ አዲስ ቤተ መጻሕፍት ልትሠራ ፈለገች። በመረጠችው ቦታ ላይ ቪገላንድ የሚኖርበትና የሚሠራበት ቤት ነበር። ይፍረስ ተባለ። አልወጣም አለ፤ ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ በ1921 ውል ተፈራረሙ፤ ከተማይቱ መኖሪያና መሥሪያ የሚሆን አዲስ ቤት ትሠራለታለች፤ እርሱም ከዚያ በኋላ የሚሠራውን ሁሉ ለከተማይቱ ይሰጣል። ሁለቱም ወገኖች ቃላቸውን ጠበቁ። ቪገላንድ እስከ ሞተበት እስከ 1943 ድረስ ሠራ። ቤተ መጻሕፍቱም ተሠራ። ከአንድ የፈረሰ ቤት አንድ ቤተ መጻሕፍትና አንድ ፓርክ ወጣ።

ቤት ማፍረስ እኛም እናውቅበታለን። በ2024 ፒያሳ ሲፈርስ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ በዓይኑ አይቷል። ያላወቅንበት ውሉን ነው። አንድ ሠዓሊ ወይም ገጣሚ ቤቱ ሊፈርስ ሲል ከከተማው አስተዳደር ጋር ጠረጴዛ ከብቦ፣ «እናንተ ቤት ስጡኝ፣ እኔ ዕድሜዬን እሰጣችኋለሁ» ሲል፣ አስተዳደሩም «ተስማምተናል» ብሎ ማኅተሙን ሲመታ አስቡት። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ቀለምና አንድ መናፈሻ ቦታ ነው። ኦስሎም ንጹሕ ናት አልልም፤ ዛሬ የኖቤል የሰላም ሽልማት የሚሰጥበት ቀይ የጡብ ማዘጋጃ ቤት የቆመው ፒፔርቪካ የተባለ የድኾች ሰፈር ፈርሶ ነው። ያ አዳራሽ ለእኛ ሰው ሌላ ትርጉምም አለው። ዲሴምበር 10 ቀን 2019 የሀገራችን ጠቅላይ ሚኒስትር ሽልማቱን የተቀበሉት እዚያ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ኖቬምበር ላይ ደግሞ ሀገራችን ወደ ጦርነት ገባች። እዚያ ፎቶ የሚነሣ ሐበሻ ሁለቱንም ዓመታት ይዞ ይቁም። ከዚህ በላይ የፖለቲካውን ነገር ለባለ ፖለቲካዎች እተወዋለሁ።

«ታዲያ ኦፔራ ቤቱስ?» የሚለኝ አይጠፋም። «አዲሱ የሙንክ ሙዚየምስ? የባሕሩ ዳር ቤተ መጻሕፍትስ? እነሱ በነዳጅ ገንዘብ ዘመን አልተሠሩምን?» ተሠርተዋል። ኦፔራ ቤቱ በ2008፣ አዲሱ የዳይክማን ቤተ መጻሕፍት በ2020፣ ዐሥራ ሦስት ፎቅ ያለው የሙንክ ሙዚየም በ2021፣ ብሔራዊ ሙዚየሙ በ2022 ተከፍተዋል። ያማሩ ናቸው። በነጭ እብነ በረዱ የኦፔራ ቤት ጣሪያ ላይ እኔም ወጥቼ ነፋሱን ጠጥቻለሁ። ነገር ግን ከኦፔራው በቀር ሁሉም ማኅደር ናቸው። ማኅደር የሚሠራው መጽሐፍ ላለው ነው። አዲሱ ዳይክማን የተሰየመው ካርል ዳይክማን በተባለ ሰው ነው፤ በ1780 ሲሞት መጻሕፍቱን ለከተማው ሕዝብ ተናዘዘ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም በሩ ተከፈተ። በዚያን ጊዜ በኖርዌይ አንድም ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ሲጠበቅ የኖረ ነገር ነበርና ገንዘቡ ሲመጣ የሚያርፍበት አገኘ። ገንዘብ በባዶ ቤት ላይ ሲመጣ ምን እንደሚሆን በባንክ ቤት ኑሮዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ መኪና ይሆናል።

በዚሁ በአዲሱ ቤተ መጻሕፍት የላይኛው ፎቅ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ይገቡባታል፤ ለእኛ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለመደ እግር አዲስ አይደለም። ግድግዳዋ ሁሉ እንጨት ነው። ታሪኳ የሚጀምረው በ2014 ነው። ኬቲ ፓተርሰን የተባለች የስኮትላንድ አርቲስት ከከተማይቱ በስተሰሜን ባለው ኖርድማርካ ጫካ አንድ ሺህ የጥድ ዘመድ የሆኑ ዛፎች አስተከለች። በየዓመቱ አንድ ደራሲ ማንም ያላነበበው ድርሰት ይሰጣል። ድርሰቱ በዚያች ክፍል ይቆለፍበታል። በ2114 ዛፎቹ ይቆረጡና ወረቀት ይሆናሉ፤ መቶው ድርሰትም ያኔ ይታተማል። የመጀመሪያዋ ሰጪ የካናዳዋ ማርጋሬት አትውድ ነበረች፤ ከአፍሪካ የዚምባብዌዋ ጺጺ ዳንጋሬምብጋ የ2021 ደራሲ ሆና ተመርጣለች፤ በ2024 ኖቤል የተሸለመችው ኮሪያዊቷ ሃን ካንግም ከሽልማቷ ቀደም ብሎ ድርሰቷን አስረክባለች።

እኔ በዚያች ክፍል ውስጥ ሆኜ የቆጠርኩት ገንዘብ አይደለም። ችግኝ፣ መሳቢያና ቁልፍ ነው። ችግኝ መትከል እኛም ጀምረናል፤ በየክረምቱ ዘመቻ አለ። መሳቢያም አናጣም። ዛሬ ከምንኖረው ሰዎች አብዛኞቻችን የማናነበውን መጽሐፍ መቶ ዓመት እጠብቃለሁ ብሎ ማመን ነው የጎደለን፤ ዛሬ የታተመውንስ መች አነበብነውና! በመሥሪያ ቤቴ አንድ የግጥም መድበል ለመሸጥ ሦስት ፎቅ መውጣት መውረድ እንዳለብኝ የሚያውቁ ያውቁኛል።

ያረፍኩት የአክስቴ ልጅ ዘንድ ነበር። ታላቄ ናትና እትዬ እላታለሁ። በዚያች ከተማ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ናት። «ወንድሜ፣ እዚህ ሀገር ሥራና ብርድ እንጂ ምን ይታያል ብለህ ነው?» አለችኝ ቡናውን እየቀዳች። በእሷ አልፈርድም። ከሌሊት ተረኝነት የተመለሰ ሰው የኢብሰንን ቤት ካላየህ ተብሎ አይወቀስም። እኔ የምወቅሰው ለሽርሽር ሄዶ፣ ሆቴል ይዞ፣ ጊዜም ገንዘብም ኖሮት፣ ከዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር በቀር ምንም ሳይዝ የሚመለሰውን ነው። ይልቁንም ብዕር የያዘውንና የጉዞ ማስታወሻ ጽፎ የሚያሳትመውን።

ያ ሰው የገዛ ራሱን እንኳ እዚያ አያይም። ቢስሌት የተባለውን ስታዲየም ስንቱ ጎብኝቷል? መሰረት ደፋር በ2007፣ ጥሩነሽ ዲባባ ደግሞ ጁን 6 ቀን 2008 የ5 ሺህ ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበሩት በዚያው መም ላይ ነው፤ ጥሩነሽ በ14 ደቂቃ ከ11.15 ሰከንድ። ከማዕከሉ በእግር የሚደረስ ስፍራ ነው። በዝርዝሩ ላይ የለም፤ ስለዚህ አይታይም።

ከዚህም የሚብሰው የታንኳው ነገር ነው። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌጂያዊ አሳሽ የጥንት ግብፆች በደንገል ታንኳ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሣ። ግብፅ ውስጥ በበቂ መጠን የሚበቅል ደንገል አላገኘም። ደንገሉ የመጣው ከጣና ሐይቅ ነው። በዚያ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ታንኳ፣ «ራ»፣ በ1969 ተጓዘች፤ የካሪቢያን ደሴቶች ሊታዩ ጥቂት ሲቀራት ፈራረሰች። ኤኮፊስክ ላይ ነዳጅ በተገኘበት በዚያው ዓመት መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። በሚቀጥለው ዓመት የቦሊቪያ ታንኳ ሠሪዎች ከኢትዮጵያ በሄደ ደንገል «ራ 2»ን ሠሩ፤ ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች።

ያች ታንኳ ኦስሎ ውስጥ፣ በኮንቲኪ ሙዚየም ትገኛለች። ከእኛ ውኃ ዳር የታጨደ ደንገል ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ከነገመዱ፣ በፈረንጅ ጣሪያ ሥር ከአምሳ ዓመት በላይ ተጠብቆ ኖሯል። ያጨዱት ሰዎች ስም የት እንደተጻፈ ፈልጌ አላገኘሁም። የባሕር ዳር ልጅ የሆነ፣ ኦስሎ ደርሶ የተመለሰ አንድ የማውቀው ሰው ስለዚህ ታንኳ ጠይቄው፣ «እሱን አላየሁም፤ ግን የሙዚየሞቻቸው መብራት! ገንዘብ እኮ ነው!» አለኝ።

ሙዚየሙ ቢግዶይ በተባለው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ነው። ከመሀል ከተማ 30 ቁጥር አውቶቡስ ይወስዳል።